ከአባዬ ጉንጭ ሥር ያለው ጥላ

ሰኔ 1 ቀን 2017፣ እሑድ

ትናንት ቴፒ ላይ የደረሰብኝ ውርደት እስካሁን አልወጣልኝም። ሥዕል የሚያስተምረን ቲቸር ሰይፈዲን የሣልኩትን ማሰሮ ትንሽ አየት አደረገና፣ "ማራናታ፣ እዚህ በረንዳ ላይ ብርሃኑ የሚመጣው ከየት ነው?" አለኝ። ከቀኝ አልኩት። "ታዲያ የማሰሮው ጥላ ለምንድን ነው እሱም ወደ ቀኝ የወደቀው?"

አብረውኝ የሚማሩት የካምፓስ ልጆች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ጆሮዬ እሳት ሆኖ ነበር። እዚህ ሚዛን ተፈሪ ላይ ከአውቶቡስ ተራ እስከ ገበያ ያለውን የሆቴልና የፀጉር ቤት ማስታወቂያ ግማሹን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ባነር የሚሉት ነገር መጥቶ እንጀራዬን እስኪሻማኝ ድረስ የማያውቀኝ ባለሱቅ አልነበረም። የፊደል ጥላ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች ነው የሚጣለው። እጄ የለመደው ያንን ነው። ፀሐይዋ የት ናት ብዬ ቀና ብዬ አይቼ አላውቅም። ይህን የሚነግረኝ በዕድሜ የሚያንሰኝ ሰው መሆኑ ነው ያናደደኝ።

ለጊዜው ቀለም ከልክሎኛል። ከሰልና ጠመኔ ብቻ፣ ያውም በዕቃ ካርቶን ላይ። የካርቶኑ መልክ ራሱ በጨለማውና በብርሃኑ መሐል ያለው ቀለም ይሆናል፤ ከሰሉ ከሱ የጨለመውን፣ ጠመኔው ከሱ የበራውን ይይዛል። አንድ ሰው መርጬ በየሳምንቱ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት መሣል አለብኝ። ካማረልኝ ለመስከረም ቴፒ ላይ ከልጆቹ ሥዕል ጋር ይሰቅልልኛል።

አባዬን ጠየቅሁት። አባዬ እንኳን ለሥዕል ለምሳም ደህና የማይቀመጥ ሰው ነው፤ እሑድ ከጸሎት ቤት መልስ ሳይቀር ገጀራውን ይዞ ቡናው መሐል ይገባል። ስንት ሰበብ ይደረድርልኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። "እሺ፣ እቀመጥልሻለሁ" አለ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሰኔ 3

ሹክሪያ ካርቶን ሰጠችኝ። የጨርቅ ሱቋና የእኔ ሱቅ በአንድ ግድግዳ ነው የሚለያዩት። "ሰው ከካርቶን ወደ ቆርቆሮ ያድጋል፣ አንቺ ከቆርቆሮ ወደ ካርቶን ወረድሽ!" ብላ ሳቀችብኝ። አፏ አያርፍም። ካርቶኖቹን ግን ራሷ በመቀስ አስተካክላ ቆርጣልኛለች።

ሰኔ 8፣ እሑድ

የአባዬ ቤት ከከተማው ግርጌ ነው፤ ቡናው ደጃፉ ድረስ ይመጣል። አንድ በር፣ አንድ ትንሽ መስኮት። መስኮቱን ዘግቼ ብርሃኑ በበሩ ብቻ እንዲገባ አደረግሁ። አባዬ በርጩማው ላይ ጎኑን ለበሩ ሰጥቶ ተቀመጠ። ግራ ጉንጩ በራ፣ ቀኙ ጨለመ። ቀላል መስሎኝ ነበር።

ጠመኔውን አበዛሁት። ፊቱ ዱቄት የተነፋበት መሰለ። አባዬ አንገቱን አስግጎ አየና፣ "ይሄ ፈረንጅ ማነው?" አለኝ።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ቴፒ ደርሼ መመለሴ ነው። ቲቸር ካርቶኑን አይቶ፣ "አባትሽ ጥቁር ናቸው ብለሽኝ አልነበር?" አለ። ናቸው አልኩት። "ፀጉር ቤት ላይ ሰው ስትሥዪ ደንበኞችሽ ምን ይሉሻል?"

"ቀላ አድርጊኝ።"

"በቃ፣ እጅሽ ያንን ነው የለመደው። ጥቁር ፊት ብርሃን አያጣም። እንዲያውም ብርሃኑ ጥርት ብሎ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ግንባራቸው ላይ፣ አፍንጫቸው ላይ፣ ጠመኔሽን እዚያ አውጪው። ሌላው ቦታ ላይ አትንኪው፣ ለካርቶኑ ተዪለት።" ከዚያ ደግሞ እያጨነቆርኩ እንዳይ ነገረኝ። ዓይንን ጠበብ ሲያደርጉት ሽበቱም ሽፋሽፍቱም ይጠፋና የጨለመውና የበራው ብቻ ይቀራል።

ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሰዉን ሁሉ እያጨነቆርኩ ሳይ መጣሁ። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ ቦታ ቀየረች።

ሰኔ 15፣ እሑድ

ሆነልኝ! እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሆነልኝ።

አጨንቁሬ ሳየው አባዬ ሁለት ብቻ ሆነ። ግንባሩ፣ የአፍንጫው ድልድይና ከጉንጩ ከፍ ያለው አጥንት በሩ። ከጉንጩ ሥር አንድ ጣት የምታህል ጥላ አለች፤ ከሰሌን አንድ ጊዜ ብቻ ጫን አድርጌ ተውኳት። ወዲያው ካርቶኑ ውስጥ ሰው ተቀመጠ። በሕይወቴ ስንት ፊት ሥያለሁ፣ ተነስቶ የሚሄድ የሚመስል ፊት ግን ይኸ የመጀመሪያዬ ነው።

አባዬ "ዓይንሽን ምን ነካሽ?" ሲለኝ ስቄ ልሞት ነበር። ጎደሬ ቀቅዬ ወስጄለት ነበር፤ ሁለቴ ጎርሶ ተወው። ጨጓራው ነው። ዘንድሮ ጨጓራው ተነስቶበታል።

ሰኔ 22፣ እሑድ

ጥላዋ ዛሬ ሰፋች። ከሰሉ እርጥበት ጠጥቶ ነው መሰለኝ፣ ይጨማለቃል። ደረቅ ከሰል መፈለግ አለብኝ።

ሰኔ 26

ከሹክሪያ ጋር ተኳረፍን። "ጋሽ ተረፈን ገበያ አየኋቸው። ምነው ኮታቸው እንዲህ ሰፋባቸው?" አለችኝ። የአባዬ ኮት የድሮ ነው አልኳት። "ኮት ያረጃል እንጂ ይሰፋል እንዴ?" አለችኝ። ያስፈላችልኝን ሻይ ሳልጠጣ ተነስቼ ወጣሁ።

ጨጓራ ነው አልኳት እኮ። ስንቴ ልንገራት።

ሰኔ 29፣ እሑድ

ደረቅ ከሰል አገኘሁ። ጥላዋ አሁንም ሰፊ ናት፤ ሁለት ጣት ትሆናለች። ሰማዩ ከብዷል፤ ሲጨልም ጥላ ሁሉ ይሰፋል መሰለኝ። አባዬ ሳይንቀሳቀስ ተቀመጠ። ይኸ ሰው እንዲህ መቀመጥ ከመቼ ወዲህ ቻለ?

ሐምሌ 6፣ እሑድ

የሦስት ሳምንቱን ሥራ በቴሌግራም ለቲቸር ልኬለት ነበር። ዛሬ ጠዋት በድምፅ መለሰልኝ። ሦስት ጊዜ ሰማሁት። "ማራናታ፣ በሰኔ አጋማሽ የላክሽው በጣም ጥሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ምን ሆንሽ? ጥላ አብዝተሻል። የጨለመውንና የበራውን ማራራቅ ስለቻልሽ ብቻ ሁሉም ቦታ ላይ አታራርቂ። ሰውየውን አስረጀሻቸው። አጥንት በአጥንት አደረግሻቸው እኮ።"

ተናደድኩ፣ ከዚያ ደግሞ አመንኩት። ጀማሪ አንድ ነገር ሲለምድ ያበዛዋል፤ እኔም ፊደል ስማር ሁሉንም ፊደል ጥላ አሸክሜው ነበር። ስለዚህ ዛሬ አባዬ ቤት የሄድኩት ለራሴ ቃል ገብቼ ነው፤ ጥላ አላበዛም። እንደተቀመጥኩ ግን እጄ አልታዘዝ አለ። አጨነቆርኩ። እዚያው ናት። ከጉንጩ ሥር ተነስታ ወደ አፉ ዳር ትወርዳለች። ከጆሮው ፊት ለፊት ደግሞ በፊት ያልነበረች ሌላ ጎድጓዳ አለች። በፊት አላየኋትም ይሆናል። ዓይኔ ገና እየተከፈተ ነው፤ መማር ማለት ይኸው አይደል? ያልታየው ይታያል። እንደዚያ ይሆናል።

ካርቶኑን ግማሽ ላይ ተውኩት። አባዬ "ጨረስሽ?" አለ። አልጨረስኩም፣ ዛሬ አልሆነልኝም አልኩት። "ቀስ በይ፣ እቀመጥልሻለሁ" አለኝ።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

ጥላውን ቀነስኩት። የሰኔውን ካርቶን አጠገቤ አስቀምጬ በሱ ልክ አደረግሁት። ጉንጩን ሞላ አደረግሁለት። ወዲያው ለቲቸር ላክሁለት። "አሁን ገባሽ!" ብሎ መለሰ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሥዕሉ ያምራል። አባዬንም ይመስላል፣ የሰኔውን አባዬን።

አባዬ ካርቶኑን ተቀብሎኝ ወደ በሩ አስጠግቶ ብዙ አየው። ከዚያ መልሶ ሰጠኝና፣ "ዛሬ ደክሞሻል እንዴ?" አለ። ለምን አልኩት። "እንዲሁ" አለኝ። ያ "እንዲሁ" ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ።

ሐምሌ 17

ወንድሜ አልአዛር ትናንት ከቴፒ መጣ። አይሱዙውን ይዞ ሲያልፍ ሁሌም አባዬ ቤት ያድራል። ዛሬ ከጓሮ ውኃ ይዤ ስመለስ ከሚስቱ ጋር በስልክ ሲያወራ ሰማሁት፤ "ትናንትም አስመልሶታል... አይ፣ ለማራ እንዳትነግሪያት፣ ትደነግጣለች" ይላል። ጀሪካኑን ጮክ አድርጌ አስቀመጥኩ። ሲያየኝ ስለ መንገዱ ጭቃ ማውራት ጀመረ፤ እኔም ስለ መንገዱ ጭቃ አወራሁለት።

ክረምት ነው። በክረምት ሆዱ የማይበላሽበት ሰው የለም።

ሲወጣ ሸኘሁት። መኪናው ጋ ስንደርስ፣ "ሐኪም ቤት እንውሰደው ይሆን?" አልኩት። "ሄዶ ጅማ ቢሉትስ? ጅማ ማለት ለሱ እማዬ ናት። ለምን እናስፈራራዋለን?" አለኝ። እማዬን ጅማ ወስደን ብቻችንን ነው የተመለስነው። እውነትህን ነው አልኩት። ቶሎ ነው ያልኩት፣ እንዲያውም ገላገለኝ። ያሳፍራል።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ዛሬ የማየውን ሣልኩ። ቲቸር ያለውን ይበል።

ከጉንጩ ሥር፣ ከጆሮው ፊት፣ ከአንገቱ ሁለት ጅማት መሐል። ከሰል ጨረስኩ። ግንባሩና የጉንጩ አጥንት ላይ ያለው ብርሃን ግን ከሰኔው ይልቅ ጎልቷል፤ ጠመኔውን እንደነካሁት ያበራል። ሥራ ብቻ አድርጌ ካየሁት እስካሁን የሠራሁት ምርጡ ይኸ ነው። ሥራ ብቻ አድርጌ ማየት አልቻልኩም።

መሐል ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ወሰደው። አገጩ ደረቱ ላይ ወደቀ፣ ፊቱ በሙሉ ጥላ ሆነ። እየሣልኩ ቀጠልኩ፣ ከዚያ ድንገት ፈራሁና ሆን ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ነቃ። "አለሁ" አለኝ፣ ምንም ሳልጠይቀው።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

ዝናብ። መብራት የለም። ጭቃ ነው ብዬ አልሄድኩም። አባዬ ቤት በእግር የአንድ ዘፈን ያህል መንገድ ነው፤ ጭቃውን ከልጅነቴ ጀምሮ ስረግጠው የኖርኩት ነው። የቀረሁት ካርቶኑን ፈርቼ ነው።

ነሐሴ 5

ሹክሪያ ኩርፊያውን ራሷ ተወችው። መጥታ ከጎኔ ተቀመጠችና ምንም ሳትቀልድ፣ "ማራ፣ እኔ ስለ ኮቱ አልነበረም የጠየቅሁሽ" አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። እንደዚህ ሳትቀልድ ስትናገር ከቀልዷ ይብሳል።

ነሐሴ 11፣ እሑድ

አባዬ ባለፈው ሳምንት ሳልመጣ በርጩማውን በሩ አጠገብ አስቀምጦ ሲጠብቀኝ እንደዋለ ጎረቤቱ ነገሩኝ። ልቤ ተቆረጠ።

ዛሬ ኮፍያውን ራሱ አወለቀ። ኮቱንም። "በደንብ ይታይሽ" አለ። ትከሻው የልጅ ትከሻ አክሏል። ሣልኩት። ከሰሉ ተሰበረብኝ፤ በስብርባሪው ቀጠልኩ።

ጨጓራ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር። ዛሬ አልጽፈውም።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ቲቸር ለመስከረም የሚሰቀለውን እንድንመርጥ ሁሉንም ካርቶን ይዘሽ ነዪ ብሎኝ ነበር። በሚኒባስ ጭኔ ላይ አቅፌያቸው ሄድኩ። በረንዳው ላይ ግድግዳውን አስደግፌ በየቀናቸው ደረደርኳቸው። እኔም እንዲህ በአንድ ላይ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ሲያወሩ የነበሩት የካምፓስ ልጆች መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። ቲቸር ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። የሐምሌ 13ቱን ብቻ አንስቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረው። "ከሁሉም የተሳሳተው ይሄ አንዱ ነው። እዚህም ላይ ያሳሳትኩሽ እኔ ነኝ" አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ሆነብኝ። "በሩ ያው በር ነው፣ ሰዓቱ ያው ሰዓት ነው። ብርሃኑ አልተለወጠም፣ ማራናታ። ጥላ አላበዛሽም። አንቺ የሣልሽው ያየሽውን ነው።"

ታዲያ የትኛው ይሰቀል አልኩት። ለምን እንደጠየቅሁ አላውቅም፤ አፌ ሌላ ቃል ስላጣ ነው።

"አንዱም አይሰቀልም። ይዘሻቸው ወደ አባትሽ ሂጂ። ዛሬውኑ ሂጂ።"

አንዷ ልጅ ካርቶኖቹን በገመድ አሰረችልኝ። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ከጎኔ የነበረው ሰውዬ ሶፍት ሰጥቶኝ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሚዛን ስደርስ ጨልሞ ነበር። አልሄድኩም። ነገ ብዬ ለአልአዛር ብቻ ደወልኩ፤ "ና" አልኩት፣ "እመጣለሁ" አለኝ፣ ለምን ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም።

ነሐሴ 18፣ እሑድ

ያወራሁት ነገር የለም። ካርቶኖቹን ከአባዬ አልጋ ፊት ለፊት ግድግዳው ሥር ደረደርኳቸው፤ የውሸቱን አስቀርቼ። አልአዛር ከሰኔው ጀምሮ እያየ ሄደና አራተኛው ላይ ሲደርስ ወደ ውጭ ወጣ። ከቡናው መሐል ሲንሰቀሰቅ ይሰማኝ ነበር። እኔ ከአባዬ ጋር ሊሆን ስለሚችለው ክርክር ስንት ቃል ይዤ መጥቼ ነበር፤ እማዬን ቢያነሳብኝ፣ ቡናው ሳይለቀም አልሄድም ቢለኝ፣ በጸሎት ይለቀኛል ቢለኝ ብዬ ለሁሉም መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

አባዬ እያንዳንዱን አየ። ሳይቸኩል። የመጨረሻውን ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረ።

"መቼ ነው የምንሄደው?" አለ።

ነሐሴ 24

ሚዛን ላይ ካዩት በኋላ ጅማ ላኩን። በጉሮሮው ካሜራ አስገብተው ጨጓራውን አዩት። ለምርመራ ቁራጭ ወስደዋል። ውጤት እየጠበቅን ነው። ሹክሪያ እዚህ ጅማ ያሉት አክስቷ ቤት እንድናርፍ አድርጋለች፣ አክስቷ አባዬን እንደ ወንድማቸው ነው የሚያዩት። አልአዛር መኪናውን ለሰው ሰጥቶ ከእኛ ጋር ነው።

ጳጉሜን 2፣ እሑድ፣ ጅማ

ጨጓራው ላይ ያለ ዕጢ ነው። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ሳትቸኩል ነው ያስረዳችን። "ከመቼ ጀምሮ ነው የከሱት?" አለች። አልአዛር በቅርቡ ነው ሊል አፉን ከፈተ። እኔ "ከሰኔ አጋማሽ በኋላ" አልኩ። እንዴት እንዲህ እርግጠኛ ሆንሽ ብላ አልጠየቀችኝም፤ ጻፈችው ብቻ። ቀደም ብሎ ቢሆን ይሻል ነበር፣ አሁንም ግን ኦፕራሲዮን ማድረግ ይቻላል፣ ሲከፈት ነው የሚታወቀው አለች።

ከሰዓት አልአዛር ደም ሊሰጥ ሲሄድ ከአባዬ ጋር ብቻችንን ቀረን። አልቻልኩም። "አባዬ፣ አይቼው ነበር። በየሳምንቱ አይቼዋለሁ። ከሰሉ ነው፣ ሰማዩ ነው፣ እጄ ነው እያልኩ..."

"አውቃለሁ" አለኝ። የቀረውን በቤንችኛ ነው የነገረኝ፤ አባዬ የልቡን በአማርኛ አይናገርም። "እኔ እኮ የተቀመጥኩልሽ እንድታዪው ብዬ ነው። ከእናታችሁ በኋላ ጅማ ውሰዱኝ ብዬ ለእናንተ እንዴት ልንገራችሁ? አፌ እምቢ አለኝ። ማራ ካየችው ማራ ትናገረዋለች አልኩ። በየእሑዱ ተቀምጬ ጠበቅሁሽ፣ በኋላ ኮፍያዬንም አወለቅሁልሽ።"

እጁን ያዝኩት። ጅማቱ ሁሉ ይታወቃል። እሱ እንድናገር ሲጠብቅ፣ እኔ እንዳላስደነግጠው ስጠነቀቅ፣ በአንድ በር ብርሃን ፊት ለፊት ተቀምጠን ክረምቱን ጨረስነው።

ነገ ጠዋት ኦፕራሲዮን ክፍል ያስገቡታል።